የሶረቲ ቢጫ ፓስታ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለአስካለ፣ ድምፅሽን ሰምቼ ለማልጠግብሽ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? የቦሎኛ ብርድ ለቀቀ ወይስ ገና ካልሲ ደራርበሽ ነው የምትተኚው? ልጅሽ ቤዚስ እንዴት ናት፤ ትምህርቷስ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት ሲኞራስ ደህና ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። አዳማም እንደምታውቂያት ናት፤ ነፋሱ የአንዱን ደጅ አቧራ ለሌላው ሲያድል ይውላል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ ሆን ብሎ የሚብስ ይመስለኛል። ጾሙን ጀምረነዋል፤ ለአንቺም በሰላም ያስፈጽምሽ።

ይህን ሁሉ ወረቀት ከማበላሸት ደውለሽ አትነግሪኝም ነበር ወይ እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልችልማ! ስልኩን ከፍታ፣ ያንቺን ፊት ፈልጋ እጄ ላይ የምታስቀምጥልኝ ሶረቲ ናት። ልነግርሽ የፈለግኩት ደግሞ ስለ ሶረቲ ነው። ቤታችንንም ታውቂዋለሽ፤ ሳሎን ያስነጠሰውን ሰው ጓዳ ያለው ይማርህ ይለዋል። ስለዚህ ጎረቤታችን መሐመድዘይን ለንግድ ወደ ሚላኖ እንደሚሄድ ስሰማ፣ ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። እሺ ብሎኛል። ቪዛው እስኪያልቅለት ጥቂት ጊዜ ስላለኝ፣ ልጆቹ ሥራ እስኪሄዱ እየጠበቅኩ ትንሽ ትንሽ እጽፍልሻለሁ። ወረቀቱን የት እንደምደብቀው ለአንቺም ቢሆን አልነግርሽም።

ሶረቲ በሠርጉ ፎቶ ላይ ያየሻት የልጄ የኪሩ ሚስት ናት። ዓለም ጤና ተወልዳ ያደገች፣ ቤተሰቦቿ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ፣ ጨዋ ልጅ ናት፤ ጨዋነቷን አልክድም። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች። ግን ጴንጤ ናት። ይህን ያኔ ስነግርሽ ዋናው መዋደዳቸው ነው ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ዝም አልኩ። የራሳቸውን ቤት እስኪያገኙ ከእኛ ጋር ይኑሩ ብዬ ከኋላ ያለውን ክፍል የለቀቅኩላቸው እኔው ነኝ። ገና ስትገባ፣ በጾም ወራት የፍስክ ነገር እዚህ ቤት ይዤ አልገባም፣ እናንተ የምትበሉትን እበላለሁ ብላኝ ነበር። ደስ አለኝ። ነገር ግን ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰጥ እኔ ወዲያው ነው የምጠረጥረው፤ አመሌን ታውቂዋለሽ።

የእጄ አንጓ ካመመኝ ወዲህ የሥራ ቀን እራት የእሷ ሆኗል። በእኔ ጊዜ የጾም ፓስታ ማለት ከሱቅ የመጣውን ሰባብሮ መቀቀል፣ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቶ ድልህ መጨመር ነበር፤ በቃ። እሷ ግን በእጇ ነው የምትሠራው። የፉርኖ ዱቄት ትነፋለች፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ጨውና ዘይት፣ ሌላም እኔ የማላውቀው ነገር ትጨምርበታለች፣ ደህና አድርጋ ታሸውና ጨርቅ አልብሳ ታሳርፈዋለች። እሱ እስኪያርፍ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ከትፋ ስጎውን ትጥዳለች። ከዚያ ሊጡን በጠርሙስ እየዳመጠች እንደ ነጠላ ታሳሳዋለች፣ ዱቄት ነስነስ አድርጋ ትጠቀልለውና በቢላ በቀጭን በቀጭኑ ትቆርጠዋለች። ስታራግፈው ክር ክር ይላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ እጅሽን ታጥበሽ ሳትጨርሺ ይደርሳል። አንዳንድ ቀን በጥቅል ጎመንና በካሮት ትጠብሰዋለች፤ ኪሩ ይሄ ከፓኬት ኑድል በምን ይለያል እያለ ያበሽቃታል፣ ሳህኑን ግን ሊልሰው ምንም አይቀረው። አንዳንድ ቀን ቀጠን ያለ ምስር ወጥ ታፈስበታለች። ሰፋ አድርጋ ቆርጣ ሽንብራ ሾርባ ውስጥ የጨመረችው ቀን ደግሞ፣ እኔም ሳላስበው ደግሜ አንስቻለሁ። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት አንድ እሑድ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ስላየሁ ነው። በሥራ ቀን ግን አላይም፤ ነገሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እሷ ከክሊኒክ ስትመለስ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ሰርክ ጸሎት እወጣለሁ። እኔ ካልወጣሁ ዱቄቱን አትነካም። አንድ ቀን አሞኛል ብዬ ቀረሁና ሳሎን ቁጭ አልኩ። ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች፣ ዕቃ አጠበች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች፣ በመጨረሻ መጥታ፣ እማዬ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም እንዴ? አለችኝ። ለምን ጠየቅሽኝ? ስላት፣ አይ እንዲያው ነው አለች። የዚያን ቀን እራት ሩዝ ሆነ። እንግዲህ አንቺ ፍረጂ፤ ደህና ነገር የሚሠራ ሰው አማቱ ከቤት እስክትወጣ ይጠብቃል?

ፓስታው ቢጫ ነው፣ አስካልዬ። የሱቁን ዓይነት ገርጣ ያለ ቢጫ እንዳይመስልሽ፤ ቁልጭ ያለ፣ የሐበሻ ዶሮ አስኳል የመሰለ ቢጫ። እርድ ይሆን ብዬ አሸተትኩት፤ እርድ አይደለም፤ የእርድን ሽታ እኔ አላጣውም። ከምን መጣ ታዲያ? በዚያ ላይ እናቷ ከዓለም ጤና በየጊዜው ዱባ ትልክላታለች፤ ይህን የሚያህል ዱባ ጓዳ ሲገባ አያለሁ፣ የዱባ ወጥ ግን አይቼ አላውቅም። ወይ ለክሊኒክ ጓደኞቿ ታድላለች፣ ወይ ትሸጠዋለች እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ዱባው ይቅር፤ የእናቷ ነው። ቆይቶ ግን ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ፌስታሉ ተቀዶ ከውስጡ የእንቁላል ቅርፊት ወደቀ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር ተቀብሮ! በሁዳዴ! ሶረቲ ትብላ፣ እምነቷ አይከለክላትም፤ ደብቃ ለምን ትቀብረዋለች? የበላው ሰው እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ምን አስደበቃት?

ያን ቀን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እንቁላሉ ሊጡ ውስጥ ነው። ልጅቱ እያስገደፈችን ነው፤ እኔንና ኪሩን። ለምን ብትይኝ አላውቅም። ጾም ከንቱ ነው ብላ ልታስተምረን ይሆናል፤ ወይም ሊጡ ያለ እንቁላል እየተበጣጠሰባት ባለሙያ መባሉ እንዳይቀርባት ይሆናል።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ኃይለየሱስን ታውቂዋለሽ፤ የሰበካ ጉባኤ ሰው ነው፣ ጾም ሳይገባ የሚጾም ነው፣ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሶ፣ ተይ እባክሽ ሙሉ፣ ልጅቱን ለቀቅ አድርጊያት አለኝ። ቅርፊቱን አይቻለሁ ስለው፣ እኔ ምንም አልጠረጥርም፣ ሳያውቅ የበላ ሰው ደግሞ አይጠየቅም አለና ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። ጾም ተሽሯል ሲባል የሚተኛ የሰበካ ጉባኤ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። በዓይንሽ አይተሻል? አሉኝ። አላየሁም አልኳቸው። እንግዲያው የቀረበልሽን ብይ፣ በሰው ላይ አትናገሪ አሉና ሰው ይጠብቀኛል ብለው ተነሡ። ማንም አይጠብቃቸውም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። አስካለ፣ ኃጢአት አይሁንብኝ እንጂ፣ ቄሱንም ጠርጥሬአቸዋለሁ።

ታዲያ እኔ እህትሽ ዝም ብዬ እገድፋለሁ? አልገድፍም። መላ ፈጠርኩ። ሶረቲ ለኃይለየሱስ የምታቀርብለት ለብቻው ነው። ጨጓራው ስለሚያመው በርበሬ የሌለው አልጫ ስጎ ትሠራለታለች፤ ፓስታውም ለብቻው ይቀቀላል፣ በሰማያዊው ሳህን ይቀርባል። የእሱ ፓስታ ነጭ ነው። የኔ፣ የእሷና የኪሩ ነው ቢጫ። ለምን ለየሽው? ብዬ ስጠይቃት፣ ለአባዬ ሆድ ነጩ ይሻላል ብላ አልፋኛለች። ቢጫው እንቁላል ከሆነ ነጩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም? ሶረቲ ኪሩ እስኪመጣ ስለምትጠብቅ እኛ ነን ቀድመን የምንበላው። ትሪውን ከጓዳ የማመጣው ደግሞ እኔ ነኝ። እሷ ኪሩን ልቀበል ብላ ወደ ክፍሏ ስትሄድ፣ ነጩን ወደ ራሴ ሳህን፣ ቢጫውን ወደ ሰማያዊው እገለብጠዋለሁ፤ በእሱ ላይ አልጫውን፣ በኔ ላይ ቀዩን ስጎ አፈስበታለሁ። ኃይለየሱስ ደግሞ ዜና እያየ የሚበላ ሰው ነው፤ ሳህኑ ላይ ኩርንችት ብታስቀምጪለትም አያይም።

ለባልሽ እንቁላሉን አብልተሽ ለራስሽ ጾሙን ያዝሽ ወይ ትይኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። እሱ ራሱ ምን አለ? አልጠረጥርም፣ ሳያውቅ የበላ አይጠየቅም አለ። እንግዲህ እሱ አያውቅም፣ ጾሙም አይፈርስም። እኔ ግን ጠርጥሬአለሁ፤ ጠርጥሬ ብበላ እጠየቅበታለሁ። ስለዚህ ቢጫው ለማይጠረጥረው፣ ነጩ ለምትጠረጥረው። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ካለ አንቺ ንገሪኝ።

ነጩ ደግሞ እንዴት ያለ መሰለሽ! ልስልስ ያለ፣ የማይበጣጠስ፣ ጉሮሮ ላይ ሸርተት የሚል። ለኃይለየሱስ አሳምራ ነው የምትሠራለት። እኔ እንኳን በጾም እንዲህ ወዝ ኖሮኝ አያውቅም፤ ሰርክ ላይ ያገኙኝ ሴቶች ምን ተቀብተሽ ነው እስኪሉኝ ድረስ ፊቴ ጠርቷል። እሱ ግን ከስቷል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ከበር እስከ አጥሩ ሄዶ ሲመለስ ያለከልካል። ይኸው የቢጫው ነገር ነው፣ አልተስማማውም እላለሁ በሆዴ። ሌላም ነገር አየሁ፤ አንዳንድ ቀን ከሶረቲ ጋር ጓዳ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ስገባ ዝም ይላሉ። ስለ ምን ነው? ብል፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ነው ይለኛል። ኃይለየሱስ ከተጋባን ጀምሮ ቲማቲም ገዝቶ አያውቅም።

እንግዲህ አሁን አንቺን የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ለዚሁ ነው። አንቺ ፓስታ ከሚወለድበት አገር ነው ያለሽው። ሲኞራሽም በእጃቸው ሲያቦኩ ቪዲዮ ልከሽልኝ አይቻለሁ። ያለ እንቁላል ሊጥ እንዲህ ይያዛል ወይ? ያለ እንቁላልስ እንዲህ ቢጫ ይሆናል ወይ? ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። አይሆንም ካልሽኝ ፋሲካ ሳይደርስ ኪሩን ጠርቼ፣ ሚስትህን ይዘህ ቤት ተከራይ እለዋለሁ።  ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ታውቂያለሽ። ማታ ማታ በር ሲከፍት እማ ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ ከዚህ ቤት ከወጣ ምን እሆናለሁ? ግን አማኝ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ እየተታለልኩ አልኖርም።

አስካለ፣ ከላይ ያለውን ጽፌ ሰንብቼ ነበር። ዛሬ ነው ወረቀቱን መልሼ ያወጣሁት። ልቅደደው ብዬ ነበር፤ ግን ያሰብኩትን እንዳሰብኩት ብታውቂው ይሻላል ብዬ ተውኩት። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ባለፈው ረቡዕ ከኃይለየሱስ ጋር የቀኑን ቅዳሴ ልናስቀድስ ሄድን። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ቅዳሴው ሳይጋመስ ከወንዶቹ በኩል ግርግር ሰማሁ፤ ዞር ስል ሰዎች አንድ ሰው ደግፈው ሲያወጡ አየሁ። መጀመሪያ የለየሁት ጫማውን ነው። ባለቤቴ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ በሰው ክንድ ላይ ነበር። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ባጃጅ ላይ ጭነን የት እንውሰደው ሲሉኝ ሌላ ቦታ አልመጣልኝም፤ ሶረቲ ጋ አልኩ። ስጠረጥራት የከረምኩትን ልጅ ስም ጠርቼ ባጃጁን አስበረርኩት።

ሶረቲ ስታየን አልጮኸችም። ጓንቷን አደረገች፣ ጣቱን ወግታ ደሙን ወሰደች፣ ወደ ማሽኑ ገባች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ፣ እኔም እዚያው ቆሜ፣ እንደ እብድ ለራሷ ታወራ ጀመር። እንዴት ይወርዳል? በየቀኑ እንቁላል እየበላ ደሙ እንዴት ይወርዳል? እኔ ራሴ በእጄ እያቦካሁለት! አለች። ከዚያ እኔን አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

ምን እንቁላል? አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እህቴ። ጾም ሊገባ ሰሞን ኃይለየሱስ ሲያዞረው ጊዜ ለእኔ ሳይነግር ወደ እሷ ክሊኒክ ሄዶ ተመርምሯል። ጨጓራው ቆስሎ ውስጥ ውስጡን ሲደማ ኖሮ፣ ደሙ እጅግ አንሷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ ባዶ ሆድህን አትዋል፣ እንቁላልና ጉበት ብላ፣ ዘንድሮ አትጹም ብሎታል። የንስሐ አባታችን ፈቅደውለታል። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ከእኔ ሸሽተው የተነሡት፤ የሰው ምስጢር አፋቸው ውስጥ ይዘው ነበር። ኃይለየሱስ ግን ለእኔ እንዳትነግር ሶረቲን ቃል አስገባት። ቤት ውስጥ እኔ እያየሁት እንቁላል መብላት አልቻለም። ስለዚህ ልጅቱ መላ መታች፤ እንቁላሉን ሊጡ ውስጥ ደበቀችለት።

የትኛው ሊጥ መሰለሽ? ነጩ! የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ገርጣ ያለ ነው፤ ዱቄት ውስጥ ሲገባ ቀለም አይሰጥም። እኔ የሐበሻ ዶሮ አስኳል ብቻ በዓይኔ ላይ ስለነበረ ቢጫ ካልሆነ እንቁላል የለበትም ብዬ ደመደምኩ። ቢጫው ዱባ ነው። የእናቷን ዱባ ቀቅላ፣ ፈጭታ ሊጡ ላይ ትጨምረዋለች። ለምን? ብላት፣ እማዬ፣ የእርስዎና የአባዬ እንዳይቀላቀልብኝ ብዬ ነው፣ በስሕተት እንዳላስገድፍዎት ፈርቼ ነው ቀለም የለየሁት አለችኝ። እኔ የጠረጠርኩት ቢጫ ለእኔ ጾም ተብሎ የተደረገ አጥር ነበር።

ክሊኒኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ነጩን የበላሁት እኔ ነኝ አልኳት። አልገባትም። እየገለበጥኩ፣ የሱን እኔ፣ የኔን እሱ አልኳት። ያኔ ገባት። መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ በሁዳዴ በእንቁላል ፊቴ ሲጠራ፣ ባለቤቴ ጓዳዬ ውስጥ በኔ እጅ ምግቡን ተነጥቆ ሲገረጣ ከረመ። መድኃኒቱንም ሆዱ ደህና ነገር ስላላገኘ እያቅለሸለሸው አንዳንድ ቀን ይተወው ነበር አሉ። ሶረቲን ይቅር በይኝ አልኳት። እሷም፣ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር አለችና ትንሽ አሰበች፤ አይ፣ ለአባዬ ቃል ገብቻለሁ፣ አልነግርዎትም ነበር አለች። ይቅርታውን ተቀብላኛለች። ግን እንደ ድሮው ጓዳ ውስጥ እያንጎራጎረች አትሠራም፤ ማንጎራጎሯ ይመለስ ይሆናል። እስኪመለስ መታገሥ አለብኝ።

ንስሐ አባታችንም ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ። ለእንቁላሉ ነው ወይ? ስላቸው፣ ለእንቁላሉ አይደለም አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እንዲህ ያለው አይጠየቅም።

ኃይለየሱስ ግሉኮስ ተሰጥቶት፣ መድኃኒቱ ተለውጦለት ወደ ቤት ተመለሰ። አሁን ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ከንፈሩም መቅላት ጀምሯል። ሐኪሙ በጊዜ መጣችሁ ብሏል። ልጆቹ ሥራ ከሄዱ በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅኩት። ትናንት ለመጣች ልጅ የነገርከውን፣ አብሬህ ላረጀሁት ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? አልኩት። ይዋሻል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን እየጎተተ፣ ፈራሁሽ አለኝ። ሞትን ሳይሆን እኔን! አምና ጓደኛው ኢተፋ በሐኪም ትእዛዝ በጾም ወተት ሲጠጣ፣ ሆዱን የሚያመልክ ሰው ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ ነበር፤ ኃይለየሱስ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያኔ ስለ እኔም እንዲህ ነው የምትለው ብዬ ያዝኩት አለኝ።   እውነቱን ነዋ።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ዱቄቱን ነፋሁ፣ መሐሉን ጎድጎድ አደረግኩ፣ በሁዳዴ፣ በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ሳልዘጋ እንቁላል ሰበርኩበት። አንጓዬ እያመመኝ አሸሁት። የኔ እንደ ሶረቲ አይሳሳም፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ሌላው የተጣመመ ሆነ። ሽንኩርትና ትንሽ ቲማቲም በዘይት ለብ አድርጌ አፈሰስኩበትና ሰጠሁት። እየበላ ይሄ ገመድ ነው ወይስ ፓስታ? አለኝ። ብላ አልኩት። ሁሉንም በላው፤ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አንስቶ አንዴም ወደ ቴሌቪዥኑ አላየም።

አሁን እንግዲህ ስለ ሊጡ የጠየቅኩሽን ተዪው። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴን እየዞርኩ አያለሁ፤ ማን ምን ደብቆኛል እያልኩ። ሰው የሚሰርቀኝ፣ የሚያታልለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሰው የሚደብቀኝ እየፈራኝ ነው። አንቺም አንድ ቀን እንኳ ከፋኝ ብለሽኝ አታውቂም። በደወልሽ ቁጥር ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ ብቻ አትጨነቂ ትያለሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው አገር፣ የሰው ሽማግሌ እያነሳሽ እያስቀመጥሽ፣ አንድም ቀን አልከፋሽም? ለእኔ ለእህትሽ ብቻ ያልነገርሽኝ ነገር አለ? ታመሽ ይሆን? ከሥራ ወጥተሽ ይሆን? ያላሰብኩት ሰው ወደሽ ይሆን? ጾሙን ትተሽው ይሆን? ምንም ይሁን ጻፊልኝ። አልቆጣም ብዬ አልዋሽሽም፤ ወረቀቱን ይዤ ለብቻዬ እቆጣ ይሆናል። ቁጣዬ ሲወጣልኝ ግን እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ብቻ አትፍሪኝ፣ አስካልዬ።

ኃይለየሱስ ጉንጭሽን ስሞልሻል፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ መድኃኒቱን እየዋጠ ነው። ኪሩ፣ እትዬን ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ቤት መፈለጉን ለጊዜው ትቶታል። ሶረቲም ናፍቀሽኛል ብላለች፤ ነገሽም የጤና ይሁን ብላ በኦሮምኛ የጨመረችውን እኔ መጻፍ ስላልቻልኩበት በልብሽ ያዢው። ቤዚን በእኔ ምትክ ሳሚልኝ፤ አክስቷ ድሮም ስትቆጣ እንጂ ስትጠላ አታውቅም በያት። ለሲኞራም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ፋሲካን በጤና ያድርሰን።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ
ሙሉብርሃን

አዳማ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.